ወራጅ አለ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከሜክሲኮ ታክሲ፣
በመስኮት ያልፋሉ ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋርማሲ።
ብሔራዊን ስናልፍ ልቤ መምታት ያዘ፣
ፖስታ ቤት ሲቃረብ ምላሴ ደነዘዘ።
ሁለት ቃል ናት እኮ፤ ሕፃን የሚጠራት፣
ረዳቱም ሳይዞር ከጀርባው የሚሰማት፦
"ወራጅ አለ!"

እኔ ግን "ወ" ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣
"ወ... ወ..." ስል ታክሲው ዳገቱን ይተጋል።
ሌላ ሰው ከወረደ ተከትዬ እወርዳለሁ፣
ካልወረደም ዝም ብዬ፣ ከነቃሌ አልፋለሁ፤
ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ አጠገብ ወርጄ፣
ቸርችልን ቁልቁል በእግሬ ተራምጄ፣
እመለሳለሁ።
አንድ ዓመት ከአራት ወር።
"ምነው አረፈድሽ?" ሲሉኝ፣ "መንገዱ ተዘጋግቶ"፤
ለውሸት ሲሆን ምላሴ ይሮጣል፣ ጉልበት ከየት አምጥቶ!

ውዳሴ ያለችኝ እናቴ ናት፤ ያኔ፣
አፌ እንደሚታሰር የት አውቃ ስለ እኔ።
"ማን ልበል?" የሚል ሰው መንገድ ላይ ሲገጥመኝ፣
"አስቴር" እለዋለሁ፤ "አ" መቼም አያንቀኝ።

አዳራሹ ከፖስታ ቤት ጀርባ ነው፣ በጠባቧ መንገድ፤
ቆርቆሮው ሰባኪ የማያሰማ፣ ዝናቡ ሲወርድ።
ሠላሳ ያህል ነን። ኬብሮን ኪቦርዱን፣
ጎንበስ ብሎ ያባብላል፣ ሶኬት አልይዝ ያለ ገመዱን።
ከሥራ የተቀነሰ አለ፤ ቀለበት የመለሰች አለች፤
ቢታንያ ከጥቁር አንበሳ፣ ጋውኗን በፌስታል ይዛ መጣች።
ሁሉም የየራሱን ፍርሃት፣ እንደ እርጥብ ጃንጥላ፣
በር ላይ አቁሞት ይገባል፤ ሲወጣ ያነሣዋል ኋላ።

ያን ማታ የኢዮስያስ ዓይን እኔ ላይ ዐረፈ፤
"ውዳሴ፣ አንብቢልን" አለ። የፊቴ ደም ረገፈ።
ያወጣልኝ ገጽ ደግሞ ያቺው የሙሴ ገጽ፣
እሳቱ ፊት ቆሞ ምላሱን ሰበብ ያደረገባት።
ተነሣሁ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር ሄድኩ፤
"ወንድምህ" የሚል ቃል ላይ ደረስኩ፤
ቆምኩ።
"ወ...
            ወ..."

ሰው ሁሌ ቃሌን ይጨርስልኛል፤ ሸክም ያገዘ መስሎት
ከእጄ ይወስደዋል፤ ባዶ እጄን መቅረቴ ሳይታየው፣ በደግነት።
ያን ማታ ግን ማንም አልጨረሰልኝም።
ጉሮሮ የጠረገ፣ ስልኩን ያየ የለም።
ኬብሮን ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ፤
ከውጭ የመኪና ጥሩምባ፣ ሊስትሮ ሣጥኑን ሲመታ።
ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ እንደሚቆም ዘመድ፣
ሠላሳ ነፍስ ጠበቀ፣ አንዲት ፊደል እስክትወለድ።

ያኔ ነው የገባኝ።
ስንት ቀን ጾሜ፣ ስንት ሌሊት ጸልዬ፣
"ምላሴን ፍታልኝ፣ ፍታልኝ ጌታዬ"።
አልፈታም። ዝም አለኝ። ዝምታው ቅያሜ ይመስለኝ ነበረ፤
ለካ እሱም እንደነዚህ፣ ቃሌን ሳይነጥቀኝ እየጠበቀኝ ኖረ።
ሙሴስ? ምላሱ እኮ እንደታሰረ ነው ወደ ግብፅ የሄደ፤
ተፈታ የሚል አላነበብኩም። ደፈረ እንጂ፤ ወረደ።

"ወንድምህ" አልኩ። ባንዴ ወጣ አልልም፤
አምስት ጊዜ ተሰናከለ። ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

በሳምንቱ፣ ታክሲው ውስጥ፣ ገና ብሔራዊ ጋ፣
"ወ..." ብዬ ጀመርኩ፣ ደረቴ እየተናጋ።
ጎኔ ያለው ሰውዬ ዞረና "ልበልልሽ?" አለ።
በእጄ "ተው" አልኩት።
"ወ... ወ... ወራጅ አለ!"

ታክሲው ፖስታ ቤቱን ጥቂት አልፎ ቆመ፤
በሩን እየሳበ ረዳቱ አጉረመረመ፦
"ቀደም ብለሽ አትናገሪም እንዴ?"
"ከብሔራዊ ጀምሮ እኮ እያልኩ ነው፣ ወ... ወንድሜ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ወደ ኋላ የተመለስኩት ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው።